ዱቄት ሳይጠፋ ምጥን ከባሕር ማዶ?

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የቆየ ወዳጄ ስልክ ደውሎ «ሸሪክ ትሆነኛለህ ወይ?» አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን እኔ ወደ ጋዜጣ ሥራ ስገባ እሱ ወደ ንግዱ ያቀና፣ ዛሬ የአስመጪነት ፈቃድና አንዲት ጠባብ መጋዘን ያለው ሰው ነው። በእጁ የያዘው ፕሮፎርማ የታሸገ የስኮን ዱቄት ነበር። «ወተት ወይም ውኃ ጨምረህ ታቦካለህ፣ ትቆርጣለህ፣ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለህ፤ በሩብ ሰዓት ቁርስ ደረሰ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ጊዜ የለውም፣ ይሸጣል» አለኝ። ያጠራቀመው ገንዘብ በሙሉ የሚገባበት ሥራ በመሆኑ ነገሩን በቀልድ አላየሁትም። ገንዘብ ባላወጣም አስተያየት እንደምሰጠው ቃል ገባሁለት። ይህ ጽሑፍ ያ አስተያየት ነው። በፈቃዱ በአደባባይ የማወጣው፣ ተመሳሳይ ፕሮፎርማ በኪሳቸው የያዙ ሌሎችም እንደማይጠፉ በመገመት ነው።

ስኮንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከስኮትላንድ የተነሣ፣ በኋላ የእንግሊዞች የሻይ ሰዓት አጃቢ የሆነ፣ በእርሾ ፋንታ በቤኪንግ ፓውደር የሚነሣ ትንሽ ክብ ዳቦ ነው። ከዳቦ ይጣፍጣል፣ ከኬክ ይደርቃል። እነሱ ከሁለት ሰንጥቀው ማርማላታና ወፍራም ክሬም ይቀቡበታል። ጥንት የቤት ምድጃ ሳይስፋፋ ስኮትላንዶች የሚጋግሩት በብረት ምጣድ ላይ ነበር፤ ይህን ያወቅሁ ዕለት ነገሩ ከእኛ ማጀት ያን ያህል የራቀ እንዳልሆነ ተሰማኝ። በእኛ ገበያ ቦታው የት ነው ቢባል፣ በእኔ ግምት ተፎካካሪው የፓስቲው ኬክ አይደለም፤ የቡና ቁርስ ነው። ድፎ ዳቦ ለመድፋት ሌሊቱን ሊጥ ማሳደር ያስፈልጋል። ቡናው ተቆልቶ ድንገተኛ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ግን ሊጥ ማሳደር አይቻልም። የወዳጄ ስሌት እዚህ ላይ ትክክል ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ ጊዜ ነው።

የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ነኝና ወረቀት ላይ ከማስላቴ በፊት ዕቃውን ማየት ወደድሁ። ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት አንድ ፓኬት ገዝቼ ለእናቴ ወሰድሁላት። እናቴ ዓይኗን አጥብባ ሥዕሉን አየች፣ ፓኬቱን በእጇ መዘነች፣ ከዚያ «ውስጡ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዱቄት፣ ስኳር፣ የተክል ስብ፣ የወተት ዱቄት፣ ጨው፣ ቤኪንግ ፓውደር ብዬ አነበብሁላት። «ታዲያ ይኼን ሁሉ እኔ ቤት መች አጣኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በትእዛዙ መሠረት ወተት ጨምረን፣ ብዙ ሳናሸው ዳምጠን፣ በብርጭቆ አፍ ቆርጠን አስገባነው።

በአምስተኛው ደቂቃ በምድጃው መስታወት ስናይ የሚያስደስት ነበር፤ ሁሉም ቀና ቀና ብሏል። በአሥረኛው ደቂቃ ግን አንዳንዱ ወደ ጎን ተዘመመ፣ አንዳንዱ አናቱ ተሰንጥቆ ጠርዙ ተናደ። ሲወጣ ውስጡ ትልልቅ ቀዳዳ የበዛበት፣ የሚፈረፈርና የደረቀ፣ ከኋላው የሶዳ ጣዕም የሚተው ሆነ። «ይኼ ዱቄት ቸኩሏል» አለች እናቴ። እኔ በበኩሌ የመጠቀሚያ ጊዜው አልፎ እንደሁ ብዬ ፓኬቱን ገለበጥሁት። አላለፈም። ጥፋቱ የእኛም አልነበረም፣ የሻጩም አልነበረም። ፓኬቱን ያዘጋጁት ሰዎች ሲቀምሙት እናቴ ቤት የት እንደሆነ አላሰቡም፤ ያ ብቻ ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በቅድሚያ ግን አንድ ጥያቄ ይመለስ፤ ማንም ቤት የማይጠፋን ዱቄትና ጨው ቀላቅሎ በካርቶን የሸጠ ነጋዴ እንዴት ሀብታም ሊሆን ቻለ? ታሪኩ የሚያስተምረው ብዙ ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ በርድ የተባለ የበርሚንግሃም መድኃኒት ቀማሚ፣ እርሾ ለማይስማማት ሚስቱ ብሎ ቤኪንግ ፓውደር ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1845 የብሪስቶሉ ዳቦ ጋጋሪ ሄንሪ ጆንስ ሶዳውንና አሲዱን አስቀድሞ ከዱቄቱ ጋር አዋሕዶ «ራሱ የሚነሣ ዱቄት» ብሎ የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ጆንስ ያሰበው ደረቅ ብስኩት እያኘኩ ባሕር ለሚያቋርጡ መርከበኞች ነበር፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን ዱቄቱን እስኪቀበለው አሥር ዓመት ያህል ደጅ ጠና። (የመንግሥት ግዢ የትም አገር ይኸው ነው።)

ቀጥሎ ያለው የአሜሪካኖች ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ሚልስ ኩባንያ ሻጭ የነበረ ካርል ስሚዝ የሚባል ሰው በባቡር ሲጓዝ፣ የምግብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ትኩስ ብስኩት አዘዘና በደቂቃዎች ውስጥ ቀረበለት። ተገርሞ ወደ ባቡሩ ማድ ቤት ገብቶ ሲጠይቅ፣ ወጥ ቤቱ ዱቄት፣ ስብ፣ ጨውና ቤኪንግ ፓውደር አስቀድሞ ቀላቅሎ በበረዶ ሳጥን ውስጥ እንደሚያስቀምጥ አሳየው። በዓመቱ ቢስኩዊክ የተባለው ምጥን ገበያ ላይ ዋለ። ልብ በሉ፤ ወጥ ቤቱ የፈጠረው አዲስ ዕቃ የለም። የፈጠረው ልክ ነው። አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተለካ ነገር ሺህ ጊዜ ሳይለካ እንዲሠራ አደረገ። ገዢው የሚከፍለው ለዱቄቱ ሳይሆን «አይበላሽብኝም» ለሚለው መተማመኛ ነው።

የኛ ሰው ይህን ንግድ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ምጥን ሽሮ ምንድን ነው? አተሩ፣ ሽንብራው፣ ቅመሙ በልኩ ተመጥኖ ያለቀለት፣ ውኃና ዘይት ብቻ የቀረው የታሸገ ምግብ አይደለምን? በሶስ? ውኃ ጨምሮ መጨበጥ ነው። ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ያስታወሰ እንደሆነም፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስዊድን ድጋፍ እህልና ጥራጥሬ በልክ እየተዋሐደ እዚሁ አገር ውስጥ ሲታሸግ የኖረ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ምጥን» የምለው የእንግሊዝኛውን ቃል ለመተርጎም ተቸግሬ አይደለም፤ ቃሉም ሥራውም ከድሮ ጀምሮ የእኛ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ እናቴ ምድጃ እመለሳለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ወደ እንጦጦ ጥግ ለሚኖር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ለወጥ ትርጉሙ ባቄላ ለመብሰል ይዘገያል ማለት ነው፤ ለሚነሣ ሊጥ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው።

ቁጥሩ ቀላል ስለሆነ አብረን እንሥራው። ለ500 ግራም ዱቄት በባሕር ጠለል የተለመደው የስኮን ልክ 25 ግራም ያህል ቤኪንግ ፓውደር ነው። በአሜሪካ ደንብ ቤኪንግ ፓውደር ከክብደቱ ቢያንስ 12 በመቶ የሚሆን ጋዝ መስጠት አለበት። 12 በመቶው 3 ግራም ነው። 3 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕር ጠለል አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቦታ ይይዛል። ያው 3 ግራም አዲስ አበባ ላይ ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል፤ ግፊቱ ስለቀነሰ ጋዙ ይንሰራፋል። እንግዲህ ሊጡ ለአንድ ሊትር ተኩል የተዘጋጀ ጎተራ ነው፤ ሁለት ሊትር ሲጫንበት ግድግዳው ይተረተራል። እናቴ «ቸኩሏል» ያለችው ይህን ነው። በተጨማሪም ውኃው ፈጥኖ ስለሚተን ሊጡ ይደርቃል፤ የበዛው ፓውደር ደግሞ ጣዕሙን ይተዋል። ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ስኮን ሊጡ ጠንካራ ስለሆነ ይህን ጉዳት ከኬክ የተሻለ ይችላል። በዚያው ሰሞን በወጣ የኬክ ምጥን ብሞክረው ኖሮ መካከሉ የሚሰምጥ ድስት ክዳን ይወጣልኝ ነበር።

የውጭ ፋብሪካዎች ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። የአሜሪካ ምጥኖችን ጎን ያነበበ ሰው «ለከፍተኛ ቦታ» የሚል ትንሽ ማሳሰቢያ ያገኛል። ይህ ማሳሰቢያ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 6,500 ጫማ ላሉ ቦታዎች የተጻፈ ነው። በሜትር ሲመነዘር ከ1,070 እስከ 1,980 ገደማ መሆኑ ነው። ዴንቨር ከተማ በዚህ ውስጥ ትገባለች። አዲስ አበባ ግን ከማሳሰቢያው ጣሪያ በላይ ናት። ከእኛ ከተሞች ማሳሰቢያው ሊሠራላቸው የሚችለው እንደ ድሬዳዋና አዳማ ያሉት ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከእኛም 400 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ወዳጄ የያዘው ፕሮፎርማ ከአሜሪካ እንኳ አይደለም፤ ከባሕረ ሰላጤው ወደብ ነው፤ ፓኬቱ ላይ ከፍታ የሚባል ነገር ጭራሽ አልተነሣም። ለባሕር ዳርቻ የተቀመመ ዕቃ ለተራራ ሰው ሊሸጥ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው «ገዢው ይህን ሁሉ የት ያውቃል?» ይል ይሆናል። አያውቅም። ግን አንድ ጊዜ ጋግሮ ተሰነጣጥቆ ሲወጣለት፣ «ስኮን ለእኔ አይሆንልኝም» ብሎ ሁለተኛ ፓኬት አይገዛም። የምጥን ንግድ ደግሞ የሚያተርፈው በሁለተኛው ፓኬት ነው። የመጀመሪያውን ሥዕሉ ይሸጠዋል፤ ሁለተኛውን ምድጃው።

የመንገዱ ነገርም አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲያግድ በአንድ ጠዋት እጃቸውን ያጣጠፉ አስመጪዎችን እናስታውሳለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ እገዳው ተነሣ፤ ብር ግን በገበያ ዋጋ ይመነዘር ተባለና ያለ ዶላር የነበረው ችግር በውድ ዶላር ተተካ። እንግዲህ ከውጭ የሚገባ ምጥን ውስጥ በዶላር የምንገዛው ምንድን ነው? አብዛኛው የስንዴ ዱቄት ነው። በስንዴ ዱቄት ላይ ለመርከብ፣ ለጅቡቲ ወደብ፣ ለከባድ መኪና፣ ለቀረጥ እንከፍላለን። ከዚህም በላይ ቤኪንግ ፓውደር ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ሳይቀደም የሚሞት ዕቃ ነው። ኮንቴይነሩ በጅቡቲ ሐሩር የከረመ እንደሆነ፣ ከፓኬቶቹ ገሚሱ ለባሕር ጠለል እንኳ የማይበቃ ኃይል ይዞ ሊመጣ ይችላል። በመጋዘን የሚገኝን ዕቃ መፈተን ለሚፈልግ ዘዴው ቀላል ነው፤ አንድ ማንኪያ በሙቅ ውኃ ላይ ጣል ማድረግ። ካልተፍለቀለቀ ሞቷል። ደላላው ምንም ይበል።

በዚህ ዓምድ ዋጋ መጻፍ ልማድ ነው። ዛሬ አልጽፍም፤ ጋዜጣው እናንተ እጅ እስኪደርስ ይለወጣልና። በምትኩ ዋጋ የማይለውጠውን ክብደት ልስጣችሁ። ከመጀመሪያው ውድቀት ሦስት ቀን በኋላ እናቴና እኔ የራሳችንን መጠንን። 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 60 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለትም 5 ግራም ያህል ጨው፣ ቤኪንግ ፓውደሩን ከ25 ወደ 18 ግራም አወረድነው። ሦስት ጊዜ ነፋነው፤ ፓውደሩ በአንድ ቦታ ከታጎለ አንዱ ስኮን ይነሣል ሌላው ይተኛል። በዚህ ላይ 100 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በጣት ጫፍ እየፈተገች እንደ እንጀራ ፍርፋሪ አደረገችው። 300 ሚሊ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ወተት፤ ይህም በዝቅተኛ ቦታ ከሚደረገው ጥቂት ማንኪያ የበለጠ ነው። ሊጡን ማሸት ነውር ነው፤ የታሸ ስኮን ድንጋይ ይሆናል። ሰብሰብ አድርጎ፣ ሁለት ጣት ውፍረት ዳምጦ፣ ብርጭቆውን ሳያዞሩ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ። ምድጃው አስቀድሞ 220 ዲግሪ የጋለ መሆን አለበት። አሥራ አምስት ያህል ወጣን፤ በአሥራ አራተኛው ደቂቃ አወጣናቸው።

ቆመው ወጡ። ወገባቸው ላይ እንደሚገባው ስንጥቅ አለ፣ በዚያ ስንጥቅ ለሁለት ይከፈላሉ። እናቴ የማር ወለላ ቀባችባቸውና ለጎረቤት ላከች። መብራት በጠፋበት በሌላ ቀን ደግሞ ሊጡን ቀጠን አድርጋ ክዳን በተገጠመበት የዳቦ መጋገሪያ ምጣድ ላይ በከሰል ሞከረችው፤ እየገለበጠች። ከምድጃው ያነሰ ተነሣ፣ ከምድጃው የበለጠ ጣፈጠ። ስኮትላንዶች ምጣድ ይዘው ቢቀሩ ኖሮ አይቆጩም ነበር።

እንግዲህ የነጋዴው ሒሳብ እዚህ ላይ ይጀምራል። ቅቤውንና ወተቱን ለእናቴ ትተን ደረቁን ብቻ ብናሽገው፣ በአንድ ቶን ምጥን ውስጥ 857 ኪሎ ዱቄት፣ 103 ኪሎ ስኳር፣ 31 ኪሎ ቤኪንግ ፓውደር፣ 9 ኪሎ ያህል ጨው ይኖራል። ከውጭ የግድ መምጣት ያለበት ያ 31 ኪሎ ነው። የማሸጊያውን ፊልም ጨምሩበት፤ ስኳሩም ከውጭ የገባ ቢሆን እንኳ ከአሥር እጅ አንዱ ነው። ወዳጄ አንድ ቶን የማስመጣት ዶላር ቢኖረው፣ በዚያ ዶላር 31 ኪሎውን እያስመጣ 30 ቶን ምጥን ሊያዋሕድ ይችላል። (ቤኪንግ ፓውደር በኪሎ ከምጥኑ እንደሚወደድ አውቃለሁ፤ 30ውን ወደ 10 አውርዱትና ሒሳቡ ያው ነው።) የዱቄቱን ዋጋ እህል በረንዳ ወይም ከዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ጠይቁ፤ የታሸገውን ምጥን ዋጋ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ በግራም ቁጠሩ፤ በመካከል ያለውን ርቀት ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ስቡን ለምን ይተው? የሚል ካለ፣ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ኬሚስትሪ ነው፤ ስብ ያለበት ምጥን ቆይቶ ይቆረፍዳል፣ የመደርደሪያ ዕድሜው ያጥራል። ሁለተኛው የገበያ ሥነ ልቡና ነው፤ ለዚህም ምስክር አለኝ። በፒትስበርግ የሞላሰስ ነጋዴ የነበረው ፒ. ደፍ ኤንድ ሰንስ፣ የተረፈውን ሞላሰስ ለመሸጥ ሲል በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የዝንጅብል ኬክ ምጥን ሠራ። የእንቁላል ዱቄትም ጨምሮበት ስለነበር ገዢዋ የምታስፈልገው ውኃ ብቻ ነበር። በ1935 ባስመዘገበው ሌላ ፓተንት ግን የእንቁላሉን ዱቄት አወጣና እንቁላሉን ለቤት እመቤቲቱ ተወላት፤ ገዢዎች ትኩስ እንቁላል ራሳቸው መስበር እንደሚመርጡ ስላየ ነው። ብዙ ሰው ይህን ግኝት በ1950ዎቹ ለመጡ የማስታወቂያ ሥነ ልቡና ሊቃውንት ይሰጣል፤ የሞላሰሱ ነጋዴ ግን ቀድሟቸዋል። እናቴም ብትሆን ከባሕር ማዶው ፓኬት ይልቅ ሁለተኛው ላይ ፊቷ የበራው ቅቤውን በጣቷ ስለፈተገችው ይመስለኛል። ጎረቤት የላከችውም «እኔ የጋገርሁት» ብላ ነው።

ስቡና ወተቱ ሲወጣ ሌላ በር ይከፈታል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ወደ 180 የሚሆኑ ቀናት ይጾማል። ከውጭ የሚመጣው ምጥን የወተት ዱቄት ስላለበት በነዚህ ቀናት ሁሉ መደርደሪያ ላይ ይተኛል፤ መለያውን የማያነብ ነጋዴ በዐቢይ ጾም ዋዜማ ጭኖ አምጥቶ ለምን እንደቆመበት ይገርመዋል። ደረቅ ምጥን ግን በፍስኩ በቅቤና በወተት፣ በጾሙ በዘይትና በውኃ ይቦካል። ለሙስሊሙም የስቡ ምንጭ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ አይኖርም፤ ስብ የለበትምና። አንድ ፓኬት ለሁሉም ቤት ይሆናል። ይህን ማንም የውጭ ፋብሪካ አስቦ አይሠራልንም፤ ሊያስብልንም አይገደድም።

አሁን ችግሮቹን ሳልደብቅ ልናገር፤ አለበለዚያ ይህ ጽሑፍ ከደላላ ወሬ በምን ይለያል?

ከሁሉ የሚከብደው ልኩን መጠበቅ ነው። የምጥን ንግድ ዱቄትን በመፍጨት የሚሠራ ሳይሆን በሚዛን የሚሠራ ነው። 31 ኪሎ ፓውደር በአንድ ቶን ውስጥ እኩል ካልተዳረሰ አንዱ ፓኬት ሞቶ ሌላው አብዶ ይወጣል። አካፋና ሸራ ይዞ መቀላቀል የሲሚንቶ ሥራ ነው። ማቀላቀያ ማሽን ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በፊት ግን ግራም የሚለይ ሚዛንና በየዕለቱ ከየዙሩ አንድ ፓኬት ወስዶ የሚጋግር ሰው ያስፈልጋል። የእናቴ ዓይነት ሰው። ቀጥሎ ማሸጊያው ነው። በክረምቱ ሦስት ወር በተራ ላስቲክ የታሸገ ምጥን እርጥበት ስቦ ይጓጉላል፤ ፓውደሩም ውስጥ ለውስጥ ያልቃል። በማሸጊያ ላይ የሚሰስት ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል። የዱቄቱም ጠባይ አለ፤ ለዳቦ የሚመረጠው ጠንካራ ዱቄት ለስኮን አይመችም፣ ለስላሳው ይሻላል፤ ፋብሪካው በየጊዜው የሚሰጣችሁ ዱቄት ደግሞ እንደገዛው ስንዴ ይለዋወጣል። ለዚህም መድኃኒቱ ያው ጋግሮ ማየት ነው። የምግብ ፈቃዱንና የመለያ ጽሑፉን ጉዳይ በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የምታውቁት ስለሆነ አላራዝመውም።

ሌላው የሚነሣው «ሰው የአገር ውስጥ ዕቃ አይገዛም፣ ካርቶኑ ላይ የውጭ ሥዕል ካላየ አይከፍልም» የሚለው ነው። ይህን ከነጋዴዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሽሮና በርበሬ በዚህ አገር በፓኬት ይሸጣል ቢባል ኖሮም «ማን ይገዛል፣ ሁሉም ቤቱ ያስፈጫል» ይባል ነበር። ዛሬ ግን ሽሮው ለከተሜው ብቻ ሳይሆን ዋሽንግተን ላለው ዘመድም በሻንጣም በካርጎም ይሄዳል። ሰው የማያምነው የአገሩን ዕቃ አይደለም፤ ዛሬ አንድ ዓይነት ነገ ሌላ ዓይነት የሚሆን ዕቃን ነው። በዚህ ላይ ጥፋቱ የገዢው ነው ለማለት አይቻልም፤ ኪሎው 900 ግራም የሆነ ዱቄት ገዝቶ የማያውቅ ማን አለ?

ደግሞም ፓኬቱ ላይ ሊጻፍ የሚችል፣ ማንም የውጭ ፋብሪካ ሊጽፈው የማይችል አንድ ዓረፍተ ነገር በእጃችን አለ፦ «ለአዲስ አበባ ከፍታ የተመጠነ»። እውነት ነው፣ በምድጃ ይፈተናል፣ ፎካካሪ የለውም። ለአዳማና ለድሬዳዋ ፓውደሩ ከፍ ያለ ሌላ ልክ መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ ግን አንዱን ከተማ በትክክል መሥራት።

ረቂቁን ከማሳተሜ በፊት ለወዳጄ አስነበብሁት። ዝም ብሎ ጨረሰውና «ታዲያ ፕሮፎርማውን ልተወው?» አለኝ። እኔ ብሆን እተወው ነበር አልሁት። ቁጥሩን ደግሞ አየው፣ በተለይ 31 ኪሎዋን። ደስ ያለው አልመሰለኝም፤ ከሚያውቀው የማስመጣት ሥራ ወደማያውቀው የማምረት ሥራ መግባት ለማንም ቀላል አይደለም፤ ገንዘቡም የሱ እንጂ የእኔ አይደለም። ከሁለት ቀን በኋላ ደወለ። ስለ ፕሮፎርማው አንድም ነገር አላነሣም። ግራም የሚለይ ሚዛን መርካቶ የት ተራ እንደሚገኝ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎም እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ትውል እንደሁ።